የመሣሪያው አመል

ይህ ለሠዓሊዎች፣ ለፎቶ አንሺዎችና ለሙዚቃ ሰዎች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ ነው። በአፍ ሲነገር የተንዛዛውን ትንሽ ሰብስቤዋለሁ። የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጤና ይስጥልኝ። ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አላስመሽባችሁም።

ከትልቁ ወሬ በፊት ስለ ሁለት የኪቦርድ ቁልፎች ልንገራችሁ። ኮንትሮልና ዚ።

ኮምፒውተር የነካ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። አንድ ላይ ሲጫኗቸው የመጨረሻዋን ስህተት ይመልሳሉ። እኔ የምተዳደረው ፎቶ በማረም ነው። የምሠራበት ሶፍትዌር፣ ስሙን እንተወውና፣ እነዚህን ቁልፎች በተመለከተ ለብዙ ዓመት የራሱ የሆነ አመል ነበረው። አንዴ ሲጫኗቸው የመጨረሻውን ሥራ ያጠፋል። ሲደግሙት ያጠፋውን ይመልሳል። ሲሠልሱት እንደገና ያጠፋል። ከዚያች ከአንዷ እርምጃ አልፎ ወደኋላ አይሄድም።

ለሚያየው ሰው ጉድለት ነው። እኛ ግን ጉድለቱን መሣሪያ አድርገነው ነበር። የአንድ ሰው ጉንጭ ላይ ያለውን ጥላ ትንሽ ካቀለልኩ በኋላ ቁልፎቹን ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አደርጋለሁ። በፊት፣ በኋላ፣ በፊት፣ በኋላ። ዓይኔ የሚፈርደው በዚያች ብልጭታ ውስጥ ነው። በዛ? አነሰ? ሰውየው አሁንም ራሱን ይመስላል? ይሄን ስሠራ ስለ ጣቶቼ አስቤ አላውቅም። ዓይንን እንደመጨፈን ነበር።

አንድ ቀን ሶፍትዌሩ ራሱን አደሰ። ማታ ላይ የአንዲት አዛውንት ፎቶ እያረምኩ ነው። እንደልማዴ ጠቅ ጠቅ ጠቅ አደረግሁ። ለካ አሁን እያንዳንዷ ጠቅታ አንድ እርምጃ ወደኋላ ትወስዳለች። አላወቅሁም። ድካም ነው መሰለኝ፣ ልዩነቱ አልታየኝም። እዚያው ላይ አዲስ ብሩሽ ጫርኩበት። በዚያች ጭረት የሃያ ደቂቃ ሥራ ላይመለስ ሄደ።

ሃያ ደቂቃ ምን አላት ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ደግሜ ሠራሁት። ያናደደኝ ሌላ ነው። ከዚያ ማታ ጀምሮ እጄን መጠራጠር ጀመርኩ። ቁልፎቹን ከመጫኔ በፊት ለግማሽ ሰከንድ ቆም እላለሁ። አሁን የትኛው ነው? ከሳምንት በኋላ ሴቲንግ ውስጥ የድሮውን አመል የምትመልስ ትንሽ ሳጥን እንዳለች ሰማሁ። መለስኩት። ግን እጄ በዚያ ሳምንት አዲሱን መልመድ ጀምሮ ነበር። የሁለቱም ሳይሆን ቀረ።

ፍርደ ገምድል አልሁን። አዲሱ አሠራር ለጀማሪ ይሻላል። ሌሎቹ ሶፍትዌሮች ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሠሩት። ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ድምፅ ስጥ ብባል ምናልባት እኔም እጄን አወጣ ነበር። ነገሩ ግን ያችን ግማሽ ሰከንድ የሚቆጥር ሰው ስብሰባው ላይ አይኖርም።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚህች ግማሽ ሰከንድ ነው።

አንድ ሰው መሣሪያውን ተካነበት የምንለው መቼ ነው? ቁልፎቹን በሙሉ ሲያውቅ ይመስለን ይሆናል። እኔ እንደዚያ አላየሁትም። መሣሪያውን ሲረሳው ነው። ሠዓሊው ብሩሹን ረስቶ ጉንጩን ሲያይ። ቫዮሊን ተጫዋቹ ጣቶቹን ረስቶ ድምፁን ሲሰማ። ለመርሳት ደግሞ መሣሪያው ትናንት የነበረበት ቦታ ላይ መገኘት አለበት። ዕቃ በየቀኑ ቦታ የሚቀያየርበት ቤት ውስጥ መብራት ሳያበራ የሚሄድ ሰው የለም።

ፎቶ ማተም የተማርኩት በጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። ቀይ አምፖል፣ የኬሚካሉ ሽታ፣ ውኃው የሚንጠባጠብበት ገንዳ። ያስተማሩኝን ሰው ጋሼ ነበር የምላቸው። አንድ መሣሪያ ነበረቻቸው። ከካርቶን የተቆረጠች፣ ሳንቲም የምታክል ክብ፣ ቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ በፕላስተር የተለጠፈች። መሣሪያ ማለት ይከብዳል፣ ግን መሣሪያ ናት። ማጉያው፣ ማለትም ፊልሙን አጉልቶ የሚጥለው መብራት፣ ብርሃኑን ወረቀቱ ላይ ሲለቅ ያችን ካርቶን በብርሃኑና በወረቀቱ መሀል ያስገባሉ። የተከለለው ቦታ ብርሃን ስለሚያንሰው ፈካ ብሎ ይወጣል። ኮፍያ ያጠላበትን ዓይን የሚያወጡት እንደዚያ ነው።

ሚስጥሩ እጅ ላይ ነው። ካርቶኗ ለአፍታ ከቆመች ክቡ ፎቶው ላይ ይታተማል። ስለዚህ እጃቸው ሳያቋርጥ፣ በጣም በትንሹ፣ ይንቀጠቀጣል። ከንፈራቸው ይቆጥራል። ሰዓት አያዩም። ስምንት ላይ ካርቶኗን ያወጣሉ፣ አሥራ ሁለት ላይ ብርሃኑን ያጠፋሉ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ለምን እንደዚህ ወደ ግራ አጋድለው ይይዙታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቆም ብለው እጃቸውን አዩት። «እንጃ» አሉኝ። ትንሽ ካሰቡ በኋላ ገባቸው። ማጉያው በቀኝ በኩል በትንሹ ይበረታል። ያንን ለማካካስ ነው። ስንት ዓመት ሲያካክሱ እንደኖሩ እሳቸውም አያውቁትም።

አመል የምለው ይሄንን ነው። ማኑዋል ላይ የማይጻፈውን። ስለ ሰው «አመሉን አውቀዋለሁ» ስንል ቁመቱንና ዕድሜውን ማለታችን አይደለም። ሲከፋው እንዴት ዝም እንደሚል፣ መቼ እንደማይነካ፣ በየት በኩል እንደሚለዝብ ማለታችን ነው። መሣሪያም እንደዚያው ነው። አመሉ የሚታወቀው አብሮ በመኖር ብቻ ነው።

ጋሼ በሥራ ዘመናቸው በሙሉ ማጉያ የቀየሩት ሁለቴ ነው። ሁለተኛው ሲመጣ አንድ ሳምንት ሙሉ ወረቀት ሲያበላሹ ከረሙ። እየሳቁ። ከዚያ ለመዱት፣ ሥራ እስኪያቆሙ ድረስም አልተለያዩም። እኔ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የምሠራበት ሶፍትዌር ስንት ጊዜ እንደተቀየረ ልቆጥር ሞክሬ ተውኩት።

አብሮ መኖር ስል ስንት ዓመት ነው? ወደ 1400 አካባቢ ቼኒኖ ቼኒኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ ለሙያው ተማሪዎች መመሪያ ጽፎ ነበር። ሒሳቡ ግልጽ ነው። አንድ ዓመት መንደፍ መለማመድ። ስድስት ዓመት ጌታው ቤት ቀለም መፍጨት፣ ሙጫ ማፍላት፣ ሰሌዳ ማዘጋጀት። ሌላ ስድስት ዓመት ቀለም መቀባት። በሥራ ቀንም በበዓል ቀንም ሳያቋርጡ። አሥራ ሦስት ዓመት ማለት ነው። ቼኒኒ ራሱ አኞሎ ጋዲ የተባለ ጌታው ዘንድ አሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። ብሩሹ በመጀመሪያው ዓመትም በአሥራ ሦስተኛውም ያው ብሩሽ ነው።

አንደርስ ኤሪክሰን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1993 ያሳተመውን ጥናት ብዙዎቻችሁ በወሬ ታውቁታላችሁ። በርሊን ውስጥ ቫዮሊን የሚማሩ ወጣቶችን ነው ያጠኑት። ምርጥ የተባሉት 20 ዓመት ሲሞላቸው በአማካይ ወደ 10,000 ሰዓት ያህል ብቻቸውን ተለማምደው ነበር። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ እንደ ክታብ በየቦታው ተንጠልጥሏል፤ አማካይ መሆኑም ተረስቷል። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። በቀን ሦስት ሰዓት ሳያቋርጥ የሚለማመድ ሰው 10,000 ሰዓት ለመሙላት ዘጠኝ ዓመት ይፈጅበታል። ቫዮሊኑ በእነዚህ ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ አፕዴት አላደረገም። አንዱ ገመድ ጠዋት ተነስቶ «ቦታ ቀይሬያለሁ፣ አዲሱን ገጽታዬን ይመልከቱ» አላለውም።

ቫዮሊንም ቢሆን ጨርሶ አልተለወጠም ማለቴ አይደለም። ዝነኛው ቫዮሊን ሠሪ ስትራዲቫሪ በ1737 ሲሞት ትቷቸው የሄደው አብዛኞቹ ቫዮሊኖች በኋላ አንገታቸው ተቀይሯል። ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት ቀስት ፈረንሳዊው ቱርት ያበጃጀው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። አገጭ የሚያርፍበት ከዚያም በኋላ መጣ። ግን ለውጡ የመጣው በሰው ዕድሜ ልክ ነው። አባት የለመደውን ልጅ ያሻሽለዋል፤ ልጅ ያሻሻለውን የልጅ ልጅ ይለምደዋል።

ወደ ፎቶ ልመለስ። ኮዳክሮም የሚባለው የቀለም ፊልም ገበያ ላይ የወጣው በ1935 ነው። ምርቱ የቆመው በ2009 ነው። ሰባ አራት ዓመት! ፊልሙ አስቸጋሪ ነበር። ብርሃን ትንሽ ከበዛበት ነጩ ይቃጠላል፣ ካነሰው ጥላው ይዘጋል። የለመዱት ሰዎች ግን ሆን ብለው በጥቂቱ አሳንሰው ያነሱበት ነበር፤ ቀለሙ ይበልጥ እንዲደምቅ። በ25 ዓመቱ የጀመረ ሰው እስኪያረጅ ድረስ ያችው ፊልም ትጠብቀው ነበር። በውስጧ ምንም ማሻሻያ አልተደረገም አይደለም፤ ጠባይዋ ግን ያው ነበር። በ2010 መጨረሻ ያጥባት የነበረው የመጨረሻው ላብራቶሪ ሲያቆም በብዙ ሰዎች እጅ የነበረ እውቀት በአንድ ሌሊት የትም የማይሠራበት ሆነ።

አሁን «ድሮ ቀረ» እያልኩ የማለቅስ መስያችሁ እንዳይሆን። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ የሚከፈት በር አለ። በ1841 ጆን ጎፍ ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ከቆርቆሮ የተሠራ፣ የሚጨመቅ የቀለም ቱቦ የፈጠራ መብት (ፓተንት) አወጣበት። ከዚያ በፊት የተዘጋጀ ቀለም የሚቀመጠው በአሳማ ፊኛ ውስጥ ነበር። በወስፌ ይበሳል፣ ቀለሙ ይወጣል፣ ከዚያ በደንብ አይዘጋም። ቱቦው ሲመጣ ሠዓሊ ቀለሙን ኪሱ ከትቶ ሜዳ ወጣ። ኢምፕረሽኒስቶች የምንላቸው ሰዎች ወንዝ ዳር ቆመው የሣሉት በዚህ ነው።

ግን ቱቦው አንድ ነገር ይዞ ሄደ። ቀለሙን ራሱ የሚፈጭ ሰው እየጠፋ መጣ። ራሱ የማይፈጭ ሰው ደግሞ ቀለሙ ከምን እንደተሠራ፣ ሲቆይ ምን እንደሚሆን በእጁ አያውቀውም። ፋብሪካዎች አዳዲስ ቀይና ሐምራዊ ቀለሞች አወጡ። ያምራሉ። ብርሃን ሲያያቸው ይጠፋሉ። ቫን ጎግ በ1888 የሣላት የመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ዛሬ ሰማያዊ ነው። እሱ በደብዳቤው የጻፈው ፈዛዛ ሐምራዊ ብሎ ነበር። ውስጡ የነበረው ቀይ ጠፍቶ ሰማያዊው ብቻውን ቀረ። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ ሰዎች የሚወዱት ያንን ሰማያዊ ግድግዳ ነው።

ቫን ጎግ እንግዲህ ሞኝ አልነበረም። ቀለሞቹ እንደሚፈዙ ያውቅ ነበር፤ ስለዚህም አድምቆ መቀባት እንደሚሻል ለወንድሙ ጽፏል። አመላቸውን በጨረፍታ አውቆ ለማካካስ ሞከረ። ሙሉ በሙሉ ለማወቅ ግን ጊዜ አልነበረም። ቀለሙ ራሱ ገና አዲስ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ምን እንደሚሆን የሚነግረው ሽማግሌ የለም።

ሽማግሌ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ስለ አዲስ ቴክኖሎጂ ሲወራ ብዙ ጊዜ የማይነሳው አስተማሪው ነው። መሣሪያ በዝግታ ሲለወጥ አስተማሪ ከተማሪው ሃያ ዓመት ይቀድማል። በፍጥነት ሲለወጥ ሁለት ሳምንት ይቀድማል። ያውም ከቀደመ ነው።

እስቲ ቱቶሪያል ከፍታችሁ ታውቁ የለ? አንድ ቀና ልጅ በቪዲዮ ያስረዳል። «እዚህ ጋ ሦስተኛው ምልክት ላይ ክሊክ አድርጉ» ይላል። እኔ ስክሪን ላይ ሦስተኛው ምልክት የለም። ቪዲዮውን አቆማለሁ፣ እፈልጋለሁ። ሌላ ሜኑ ውስጥ ገብቷል፣ ስሙም ተቀይሯል። ኮሜንት ላይ ስወርድ ሌላው ሰው «የት አለ?» ብሎ ጠይቋል። ከሥሩ ሌላ ሰው «ከአዲሱ አፕዴት በኋላ ተነስቷል» ብሏል። ቪዲዮው ዓመት አልሞላውም። ልጁ ግን ስለ ብርሃን የሚያውቀውን ቢነግረኝ ኖሮ ዛሬም ይሠራልኝ ነበር። እሱም አይፈረድበትም። ሰው የሚፈልገው ምልክቱ የት እንዳለ ነው። የጥበብ ትምህርት ቀስ በቀስ የአድራሻ ትምህርት ሆነ።

አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ወጣት የሙያ ጓደኞቼን ሳይ ይቺ ተረት ትመጣብኛለች። ከእኔ ይበልጥ ሶፍትዌር ያውቃሉ። አሥር፣ አሥራ አምስት። ሁሉንም ይከፍታሉ፣ በሁሉም የሚታይ ነገር ይሠራሉ። አንዷ «ሁሌም ጀማሪ እንደሆንኩ ነው የሚሰማኝ» አለችኝ። ስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ ሌሊት የማትተኛ ልጅ ናት። ለመልመድ ስትደርስ ይቀየርባታል፣ ያልተቀየረውን ደግሞ ደንበኛው «ይሄ ድሮ ቀረ» ይላታል።

ሲቀየርም እንደ ወግ አይደለም። በ2011 አፕል ፋይናል ከት ፕሮ ኤክስን ሲያወጣ አዲሱ ፕሮግራም በአሮጌው የተሠሩ ፕሮጀክቶችን አይከፍትም ነበር። ፊልም የሚያቀናብሩ ሰዎች ጮኹ፣ ብዙዎቹም ጥለው ሄዱ። ፍላሽ በ1996 የጀመረ የአኒሜሽን መሣሪያ ነው፤ አንድ ሙሉ ትውልድ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የተማረበት። በ2020 የመጨረሻ ቀን የማጫወቻው ድጋፍ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ በብሮውዘር ላይ አይጫወትም። መሣሪያው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ የተሠራበት ሥራም አብሮ ነው የጨለመው። አንዳንዱን በጎ ፈቃደኞች በሌላ ፕሮግራም አስመስለው እየመለሱት ነው። ብሩሹ ሲሰበር ሥዕሉ ከግድግዳ ላይ የሚጠፋበት ዘመን ላይ ደርሰናል።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣሁ። የሙዚቃ ሰዎች፣ ይሄ የእናንተ ነው።

ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቲቢ 303 የሚባል ትንሽ ግራጫ ሳጥን አወጣ። ዓላማው ቤዝ ተጫዋች ለሌለው ጊታሪስት ቤዝ እንዲጫወትለት ነው። አልተሳካም። ድምፁ ቤዝ ጊታር አይመስልም፣ ዜማ ማስገባቱ ራስ ያዞራል። በ1984 ምርቱ ቆመ። ሳጥኖቹ በርካሽ በየአሮጌ ዕቃ መሸጫው ተጣሉ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ቺካጎ ውስጥ ፊውቸር በሚል ስም የሚጫወቱ ወጣቶች አንዱን አገኙ። ለምን እንደተሠራ ግድ አልነበራቸውም። ዜማው እየሄደ ቁልፎቹን ማዞር ጀመሩ። ሳጥኑ ጮኸ፣ አንቋረረ፣ ተንፏቀቀ። በ1987 ያንን ድምፅ በሸክላ አወጡት። አሲድ ሀውስ የሚባለው ሙዚቃ መነሻው እዚያ ነው።

ልብ በሉ። መሣሪያው የሚካንበትን ሰው ያገኘው እሱ ራሱ ገበያ ላይ ከሞተ በኋላ ነው። አፕዴት የሚያደርገው ስለሌለ፣ የሚጎበኘው ሻጭ ስለሌለ ልጆቹ ከአመሉ ጋር ብቻቸውን ቀሩ።

ሌላውን ደግሞ ስሙ። በ1983 ያማሃ ዲኤክስ 7 የተባለውን ሲንተሳይዘር አወጣ። ድምፁ ከዚያ በፊት ያልተሰማ ነበር። ግን ድምፅ ከባዶ ለመሥራት ከመቶ በላይ ቅንብሮችን ከአንዲት ጠባብ ስክሪን ጀርባ አንድ በአንድ መቀየር ያስፈልጋል። የሚዞር ቁልፍ የለም። ስለዚህ አብዛኛው ሰው አልነካውም። ፋብሪካው ሞልቶ በላከለት ድምፅ፣ ፕሪሴት በሚባለው፣ ተጫወተ። የ1980ዎቹን የፍቅር ዘፈኖች ስትሰሙ ያ ደወል የሚመስል የኤሌክትሪክ ፒያኖ በየቦታው ያለው ለዚህ ነው። ጥቂቶች ግን ተቀመጡበት። እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ብራያን ኢኖ አንዱ ነው። ሌላው ወደ አዲሱ ሲሮጥ እሱ ከዚያው አሮጌ ሲንተሳይዘር ጋር ለብዙ ዓመት ቆየ።

ፕሪሴት ማለት ምን መሰላችሁ? «አመሌን አትወቀው፣ እኔ እበቃሃለሁ» የሚል መሣሪያ ነው። ክፋት የለውም፣ እኔም እጠቀማለሁ። አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ ማን ከባዶ ይጀምራል! ግን ሁላችንም አንድ ዓይነት ፕሪሴት ስንጫን ሥራዎቻችን ወንድማማች መምሰል ይጀምራሉ። ያው ብርቱካናማ ፊት፣ ያው ሰማያዊ ጥላ።

እንግዲህ ስለ ኤአይ ሳልናገር ብወርድ አትለቁኝም። በአጭሩ ልበል። በ2022 ክረምት ሚድጆርኒና ስቴብል ዲፊዩዥን የተባሉት ሥዕል ሠሪ ፕሮግራሞች ለሕዝብ ሲከፈቱ ሰዎች አዲስ ሙያ ያገኙ መስሏቸው ነበር። ሥዕሉን በቃል ማዘዝ። እንደ ድግምት የሚደጋገሙ ቃላት ነበሩ። ትእዛዙ መጨረሻ ላይ «ትሬንዲንግ ኦን አርትስቴሽን» (ሠዓሊዎች ሥራቸውን በሚያሳዩበት ድረ ገጽ ላይ የገነነ እንደማለት) ብሎ መጨመር፣ የታወቀ ሠዓሊ ስም መጥራት። ያንን የቃላት ዝርዝር በገንዘብ የሚሸጥም ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የስቴብል ዲፊዩዥን ሁለተኛ እትም ወጣ። የሠዓሊ ስም መጥራት እንደድሮው መሥራት አቆመ። ድግምቱ የቆየው ከሦስት ወር ብዙም አይበልጥም።

ስለ መብትና ስለ ስርቆት ሌላ ቀን እናውራ፤ ትልቅ ጉዳይ ነው። ከዛሬው ወሬ ጋር የሚያያዘው ይሄ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች አመል የላቸውም ማለት አይቻልም። አላቸው። ግን በየጥቂት ወሩ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ስሙ ያው፣ በሩ ያው፣ ገብታችሁ ስታናግሩት የማታውቁት ሰው ነው። የወደዳችሁትን ይዞ መቆየት እንኳ አይቻልም፤ ብዙዎቹ የሚኖሩት በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ነውና።

«ታዲያ ምን ታደርጋለህ?» ትሉኛላችሁ። ሁሉንም ማቆም አይቻልም። እኔ ያገኘሁት መላ የትኛው እንደማይነካ መምረጥ ነው። ጃፓናዊውን ሠዓሊ ሆኩሳይን አስቡት። ታላቁ ማዕበል የሚባለውን፣ በተቀረጸ እንጨት የታተመውን ሥዕል የሠራው በ1831 አካባቢ ነው፤ ሰባ ዓመት ሞልቶት ነበር። ማዕበሉ የተሣለበት ሰማያዊ ቀለም ያኔ ለጃፓን አዲስ ነው። በርሊን ውስጥ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአጋጣሚ የተገኘ፣ በመርከብ የመጣ። ሽማግሌው አዲሱን ቀለም እንደ ልጅ ተጫወተበት። ብሩሹን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። አንዱን ሲቀይር ሌላው ቆሞ ጠበቀው። ብሩሹም፣ ወረቀቱም፣ ቀለሙም፣ እንጨት ቀራጩም በአንድ ጠዋት ቢቀየሩበት ምን ይሠራ ነበር?

የኔ የማይነካው አንድ ኮምፒውተር ነው። ከኢንተርኔት ነቅዬዋለሁ። ሶፍትዌሩ ያኔ የነበረው ነው፤ ቁልፎቹም ጠቅ ጠቅ ሲባሉ በፊትና በኋላን ያሳያሉ። የመጨረሻውን እርማት የምሠራው እሱ ላይ ነው። ሞኝ የምመስላችሁ ከሆነ ብቻዬን አይደለሁም። ደራሲው ጆርጅ አር አር ማርቲን የሚጽፈው ዎርድስታር 4 በሚባል፣ በ1987 በወጣ ፕሮግራም እንደሆነ በ2014 በቴሌቪዥን ተናግሯል። ከኢንተርኔት ባልተገናኘ ኮምፒውተር። ማርቲን ግን ማርቲን ነው፤ አሳታሚው ይጠብቀዋል። እኔን ደንበኛ አይጠብቀኝም።

ስለዚህ ዋጋ አለው። አዲስ ካሜራ የሚያወጣውን ፋይል ያ ኮምፒውተር አይከፍትም። በሌላ ማሽን ለውጬ፣ በፍላሽ ገልብጬ አስገባለሁ። ወጣት ባልደረቦቼ ሲያዩኝ ይስቃሉ። ከእነሱ ጋር የምሠራውን ፋይል በአዲሱ ሶፍትዌር እሠራለሁ፤ እዚያ ላይ እኔም ጀማሪ ነኝ፣ ግማሽ ሰከንዴን ቆም እላለሁ። አዲሱ አንዳንድ ነገር በጣም ጎበዝ ነው። ፀጉርን ከጀርባው መለየት ለእኔ ግማሽ ቀን ነበር፣ እሱ በአንድ ክሊክ ይጨርሰዋል። አልዋሽም፣ ያንን ሳይ ደስ ይለኛል። ያን ግማሽ ቀን የተማርኩበትን ዓመትም አስታውሳለሁ። ፀጉር ብርሃን ላይ እንዴት እንደሚጠፋ ያየሁት ያኔ ነው።

ባለፈው ወር የአሮጌው ኮምፒውተር ማራገቢያ መጮህ ጀመረ። ከዚያ ቆመ። መለዋወጫው መመረት ካቆመ ቆይቷል። ሁለት ሳምንት ፈለግሁ። በመጨረሻ አንድ የሙያ ጓደኛዬ ዘንድ አገኘሁት። እሱም እንደ እኔ ያለ ኮምፒውተር ነበረው፣ እሱም ከኢንተርኔት ነቅሎት ይሠራበት ነበር። ማራገቢያውን ፈትቶ ሲሰጠኝ «አንተስ?» አልኩት።

«አፕዴት አደረግሁት» አለኝ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካለ ልስማ።